ተዋናይ ሲለይ ለተመልካች ስለሚገባው መርዶ

ቴያትር በመድረክ ሲሠራ አንዱ ተዋናይ ቢታመም ወይም ቢሞት ሌላው ልብሱን ለብሶ፥ ቃሉን አጥንቶ ይገባበታል፤ ተመልካቹም አይቀየምም። ንጉሡን የሚጫወተው ሰው ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ቢሆን ዙፋኑ ያው ነውና። የቴሌቪዥን ድራማ ግን እንዲህ አይደለም። የተዋናዩ ፊት በየሳምንቱ ከቤታችን ገብቶ፥ ከገበታችን አጠገብ ተቀምጦ እንደ ዘመድ ይለመዳል። ‹ሰው ለሰው› የተባለውን ድራማ የተከታተለ ሰው አስናቀን ባሰበ ጊዜ የሚመጣበት የአበበ ባልቻ ፊት ነው። በቅኔ ቤት ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይገኛል እንላለን፤ በዚህ ግን ሰምና ወርቁ ስለ ተጣበቁ የሚለያቸው አንጥረኛ አይገኝም። እንግዲህ ተዋናዩ ሲለይ ደራሲው ምን ያድርግ?

አንዳንዶቹ ዝም ማለትን መርጠዋል። ‹ቢዊችድ› በተባለው የአሜሪካ ድራማ ባልየውን ይጫወት የነበረው ዲክ ዮርክ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1969 በጀርባ ሕመም ምክንያት ሲለቅ ዲክ ሳርጀንት ተተካ፤ ስለዚህም ነገር በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል አልተነገረም። ሚስቲቱ ጠንቋይ ናት፤ የተሰወረውን ሁሉ እያየች የባሏን ፊት መለወጥ አለማየቷ ያስቃል። ‹ዳላስ› ግን ከዚህ የከፋ አደረገ። ፓትሪክ ደፊ በ1985 ሲሄድ ባለ ታሪኩን ቦቢን ገደሉት፤ በ1986 ተዋናዩ ቢመለስ ሞቱንም ከዚያ በኋላ የሆነውን የዓመቱን ነገር ሁሉ የቀድሞ ሚስቱ ያየችው ሕልም ነው አሉ። ተመልካች ያፈሰሰውን እንባ ሕልም ነው ብሎ መመለስ በሐዘንተኛ መዘበት ነው።

እንግሊዞች ይልቅ ብልሃት አገኙ። ‹ዶክተር ሁ› በተባለው ድራማ በ1966 የዊልያም ሃርትኔል ጤና ቢደክም፥ ባለ ታሪኩ ከሌላ ዓለም የመጣ ነውና አካሉ ይታደሳል ብለው ፓትሪክ ትሮውተንን አስገቡ፤ በዚህም ብልሃት ድራማው ከመሥራቹ ተዋናይ አልፎ ለብዙ ተተኪዎች ደረሰ። ነገር ግን ይህ እንደ እኛ ያለ ሟች ሰው ለሚታይበት ታሪክ አይሆንም።

ለሟች ሰው የሚሆነው መርዶ ነው። መርዶ በአገራችን ሥርዓት አለው፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፥ በማለዳ፥ ሰውየው ብቻውን ሳይሆን ይነገረዋል። ይህን ሥርዓት ሳያውቁ የፈጸሙትን ያገኘሁት በአሜሪካ የሕፃናት ዝግጅት በ‹ሰሳሚ ስትሪት› ነው። ባለ ሱቁን አቶ ሁፐርን የሚጫወተው ዊል ሊ በ1982 መጨረሻ ሞተ። አዘጋጆቹ የሕፃናትን ጠባይ የሚያውቁ ሊቃውንትን ጠይቀው፥ ሌላ ሰው አንተካም፥ ሩቅ አገር ሄደም አንልም ብለው ቈረጡ። በኅዳር 1983 በቀረበው ክፍል ትልቁ ወፍ የወዳጆቹን ሁሉ ሥዕል ሥሎ ያድላል፤ የአቶ ሁፐርንም ይዞ ሲመጣ ስጠው ይላል። ትልልቆቹ ከበውት ቆመው መሞቱን ይነግሩታል፤ እርሱም መቼ ይመለሳል ብሎ ይጠይቃል፤ የሞተ አይመለስም ይሉታል። ሲያለቅሱ የሚታዩት ተዋንያን በእውነት ጓደኛቸውን ያጡ ነበሩ። ወፉ ሲጠራው ሁልጊዜ የሚያበላሸውን የሰውየውን ስም በዚያ ቀን አጥርቶ እንዲጠራው አለመደረጉን እጅግ ወደድሁት፤ ሕፃን በሐዘን ምክንያት በአንድ ቀን አዋቂ አይሆንምና።

በእኛ አገር ድራማ የተለመደው መሸሻ ‹ውጭ አገር ሄደ› ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው እውነቱን ከሰፈር ወሬ ይሰማል፤ ለቅሶም ይደርሳል። በጋምቤላ፥ በደቡብ ሱዳን ወሰን አጠገብ፥ በማታር ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ተዋናዩን ያመጣለት መስኮት ያው ቴሌቪዥኑ ነው፤ መርዶውንም ሊያመጣለት የሚገባው እርሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚቈጨኝ የአባባ ተስፋዬ ነገር ነው። ተስፋዬ ሣህሉ ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የተጫወቱ፥ ወደ ኮሪያም ከዘመተው ጦር ጋር የሄዱ ሰው ናቸው። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲመሠረት የልጆችን ጊዜ ጀምረው 42 ዓመት ያህል ተረት ነገሩ። ንጉሥ ወረደ፥ ደርግም መጥቶ ሄደ፤ እርሳቸው ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። በ1998 ዓ.ም. ከሥራው ተሰናበቱ። በአማርኛ ‹ተሰናበተ› ኅብር ቃል ነው፤ በአንድ ወገን ደኅና ሁኑ ብሎ ሄደ፥ በሌላው ከሥራ ወጣ ማለት ነው። ለአባባ ተስፋዬ የደረሳቸው ሁለተኛው ፍቺ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ለእርሳቸው ብቻ ሳይሆን ለሕፃናቱ የፊተኛው ፍቺ አንድ ማታ ይገባ ነበር፤ ‹ልጆች፥ እኔ ከዛሬ በኋላ አልመጣም› ብለው ራሳቸው ቢናገሩ ማንም ይተካ ማን በተቀበሉት ነበር። እርሳቸውም ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖረው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያን ጊዜ ያዘኑት የቀድሞዎቹ ሕፃናት ራሳቸው አባትና እናት ሆነው ነበር፤ ልቅሷቸውም የ2 መለየት ነበር፤ አንዱ የዚያ ቀን፥ አንዱ ከ11 ዓመት በፊት ሳይለቀስለት የቀረው።