«የሰከረ ነጂ» ማለት ምን ማለት ነው? በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543(3) ላይ የቀረበ ሒስ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኛነት ሰው የገደለውን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ይቀጣል። የመጀመሪያው ደረጃ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እሥራት ወይም መቀጮ ነው። ሁለተኛው የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። ሦስተኛው ግን በአንድ ጊዜ ወደ ጽኑ እሥራት ይዘልና ከአምስት እስከ 15 ዓመት ይደርሳል፤ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮም ይጨመርበታል። ወደዚህ ደረጃ የሚያስገቡት በሮች ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን መግደል፣ ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ መጣስ፣ ወይም መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ራስን ኃላፊነት በሌለበት ሁኔታ ውስጥ ማግባት ነው። ክርክሬ ከዚህ ከመጨረሻው በር ጋር ነው።

በቅጣቱ ክብደት አልከራከርም። በአገራችን መንገድ ላይ በመኪና ከሚሞቱት ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው፤ እነርሱም ከነጂው ጋር አብረው አልጠጡም። የሚያስቸግረው «ኃላፊነት በሌለበት ሁኔታ» የተባለው ቃል ነው። ይህ ቃል በሕጉ ውስጥ የታወቀ ትርጉም አለው። በአንቀጽ 48 መሠረት ኃላፊነት የሌለው ሰው ማለት የሥራውን ባሕርይ ወይም ውጤት ለመረዳት፣ ወይም በተረዳው መጠን ራሱን ለመምራት የማይችል ሰው ነው። ታዲያ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ቁልፉን ከኪሱ ፈልጎ ማውጣቱም ያጠራጥራል! ሰው የሚገድለው ነጂ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው። ይናገራል፤ ይስቃል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል፤ መሪውንም ይይዛል። ዓይኑና እጁ ግን ዘግይተዋል። እንግዲህ ዳኛው ቃሉን በጥብቅ ቢተረጉመው በሩ ለማንም አይከፈትም፤ አላልቶ ቢተረጉመው ደግሞ አንድ ብርሌ ጠጅ የቀመሰ ሁሉ ይገባበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአሥር ዓመት እሥራት ሊሆን ይችላል።

በእኔ አስተያየት ዐቃቤ ሕግ በሁለተኛው በር፣ ማለት ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ በመጣስ በኩል ቢገባ ይሻላል። ደንብ ልክ ያበጃል፤ ልክም ይመሰከርበታል፤ ይካድበታልም። ኖርዌይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 በነጂ ደም ውስጥ የሚፈቀደውን የአልኮል መጠን በቁጥር ወሰነች። እንግሊዝ በ1967 በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም የሚለውን ልክ በሥራ ላይ አዋለች። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ዳኛ ተከሳሹ ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበረና አፉ ይሸት እንደነበረ በመመርመር ብቻ አይወሰንም።

ቁጥር ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል የምልበት አንድ ምክንያት አለኝ። የፋብሪካ ቢራ ጥንካሬው በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ የጠላና የአረቄ ጥንካሬ ግን እንደ ጠማቂዋና እንደ አውጪዋ ነው። ስለዚህ «ሦስት ጣሳ ጠጣ» የሚል ምስክር ስለ ነጂው ደም የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። መለካት ያለበት ሰውዬው እንጂ ጣሳው አይደለም። ቁጥርም ቢሆን ያለ ሰዓት ዋጋ የለውም። በደም ውስጥ ያለው አልኮል በየሰዓቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በግምት 15 ሚሊ ግራም ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልኩም እንደ ሰው ይለያያል። አደጋው በሁለት ሰዓት ደርሶ ደሙ በአምስት ሰዓት ቢቀዳ፣ በሐኪሙ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር መሪውን ይዞ የነበረውን ሰው አይመስልም። የመጨረሻውን ብርጭቆ ጨልጦ ወዲያው የተነሣ ሰው ደግሞ በተቃራኒው፣ ሲለካ ሲነዳ ከነበረው ይበልጥ ሰክሮ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ተከሳሹ ገና ከመፈረዱ በፊት የሚደርስበትን እንመልከት። ከስድሳ ዓመት በላይ ፍርድ ቤቶቻችን የሠሩበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 63 ዋስትና የሚፈቀደው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት የማያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂውም ይሞታል ተብሎ የማያሠጋ ሲሆን ነው ይላል። የአንቀጽ 543(3) ጣሪያ ልክ 15 ዓመት ነው። ቃሉን እንደ ወረደ የሚያነብ ዳኛ ዋስትና ይከለክላል፤ መነሻው አምስት ዓመት መሆኑን የሚያይ ዳኛ ሊፈቅድ ይሞክራል። ስለሆነም በክስ ወረቀቱ ላይ «543(3)» ተብሎ መጻፉ ብቻ፣ አንድም ምስክር ሳይሰማ፣ ሰውን በወኅኒ ሊያቆየው ይችላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በዋስ የመፈታትን መብት ዋና ደንብ፣ ክልከላውንም ልዩ ሁኔታ አድርጎ ደንግጓል። ትርጉሙ ባልታወቀ ቃል ምክንያት ልዩ ሁኔታው ዋና ደንብ ሲሆን ዝም ማለት አይገባም።

የደሙ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 የተያዘ ሰው መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ ይህም መብቱ ሊነገረው እንደሚገባ ያዝዛል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 እና 20 ያጸናዋል። ነጂው «ስንት ጠጣህ?» ሲባል ዝም የማለት መብት አለው ማለት ነው። ጥቂት ገጽ አልፎ ግን አንቀጽ 34 መርማሪው ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ሐኪም የተከሳሹን አካል እንዲመረምር፣ ደሙንም ጭምር እንዲመረምር ሊያደርግ ይችላል ይላል። አፉ ዝም ሲል ደሙ ይመሰክራል። አሜሪካኖች ይህንኑ ጥያቄ በ1966 በሽመርበር ጉዳይ ተከራክረውበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በአምስት ድምፅ በአራት፣ ደም ቃል አይደለምና መቅዳቱ በራስ ላይ እንደ መመስከር አይቆጠርም ብሎ ወሰነ። አከፋፈሉ ብልህነት አለው፤ ነገር ግን የሰውን ክንድ በግድ የመያዝን ጥያቄ አይዘጋም። ፍርድ ቤቱም ራሱ በ2016 በበርችፊልድ ጉዳይ ለይቶታል። የተያዘን ነጂ ትንፋሽ ያለ ዳኛ ትእዛዝ መለካት ይቻላል፤ መርፌ ሥጋን ስለሚወጋና ደም ከአልኮል ሌላ ብዙ ምስጢር ስለሚይዝ፣ ለደም ግን በመደበኛው የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልጋል።

አንቀጽ 34 ነጂው እንቢ ያለ እንደሆነ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። በኃይል ይያዝ? ዳኛ ይጠየቅ? እንቢታው ራሱ ማስረጃ ይሁን? አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ማንሣት ለሰካራም ጥብቅና መቆም ነው ይሉኛል፤ የሞተው እግረኛስ መብት የት አለ? ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥርዓት የሌለው ምርመራ የሟችንም ቤተሰብ ይጎዳል፤ ሰዓቱ ያልተጻፈ፣ ማን እንደቀዳው ያልታወቀ ደም በብልህ ጠበቃ ፊት ወዲያው ይወድቃልና።

ስለዚህ ትንፋሽ በመንገድ ላይ በፖሊስ ቢለካ፣ ደም ግን በዳኛ ትእዛዝና በሐኪም እጅ፣ ሰዓቱ ከአደጋው ሰዓት ጋር ተጽፎ ቢቀዳ፣ ትንፋሹን አልሰጥም ያለም ለእንቢታው ብቻ የተወሰነ ቀላል ቅጣት ቢበጅለት የተሻለ ነው እላለሁ። እንቢታውን «ኃላፊነት በሌለበት ሁኔታ ውስጥ ነበረ» ለማለት ማስረጃ ማድረግ ግን አይገባም። እንቢ ለማለት የበቃ ሰው ቢያንስ የተጠየቀውን ተረድቷል።