የሚያስቀው ሰው ብርጭቆ

ሰው የሚስቅበትን ነገር አጥብቆ አይመረምርም። ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። እኔም በዚሁ ጠባይ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተታልያለሁ፤ አንድ ጊዜ በመጽሐፍ፥ አንድ ጊዜም በወዳጄ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አስቀድሜ የመጽሐፉን ነገር ልንገርህ፤ የወዳጄ ነገር በቦታው ይመጣል።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛ ያስተምሩን የነበሩት እመቤት አረንጓዴ ልባስ ያለው አንድ ትንሽ መጽሐፍ አዋሱኝ። «እያሳቀ ቋንቋ ያስተምርሃል» አሉኝ። መጽሐፉ በ1946 ዓ.ም. የታተመው የኤድመንድ ክሪስፒን «ተንቀሳቃሹ የአሻንጉሊት ሱቅ» ነበር። (ስለ ደራሲው የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ማታ በጥናት ሰዓት አፌን በእጄ ይዤ አነበብሁት፤ ተቆጣጣሪው ግን ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይቶ የታመምሁ መስሎት ወደ መኝታ ሰደደኝ።

የታሪኩ አጀማመር እንዲህ ነው። ሪቻርድ ካዶገን የሚባል ባለ ቅኔ በሌሊት ኦክስፎርድ ከተማ ይገባል። በሩ ያልተቆለፈ የአሻንጉሊት ሱቅ አግኝቶ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ፥ አንዲት አሮጊት ተገድለው ተጋድመዋል። ወዲያው ራሱን ተመትቶ ይወድቃል። ሲነቃ አምልጦ ሄዶ ፖሊስ ይዞ ቢመለስ፥ የጠፋው ሬሳው ብቻ አይደለም፤ ሱቁም የለም። በቦታው ስኳርና ሻይ የሚሸጥበት ሌላ ሱቅ ቆሟል። ካዶገንም ወደ ወዳጁ ወደ ጀርቬስ ፌን ይሄዳል። ፌን የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነው፤ ረጅምና ቀጭን፥ ጠጕሩ አልተኛ ያለው፥ በራሱ ብልኀት እጅግ የሚኰራ፥ ትንሽዋን ቀይ መኪናውን እንደ እብድ የሚነዳ። ምስጢሩ እንዴት እንደ ተፈታ አልነግርህም፤ ያንን ደስታ ልነጥቅህ አልፈልግም።

የዚህ መጽሐፍ ሳቅ ርካሽ ሳቅ አይደለም። ቀልዱ ራሱ ብዙ ጊዜ ለምስጢሩ መፍቻ ይሆናል፤ ሀብት ለመውረስ የተዘጋጁት ሰዎች የሚታወቁት ኤድዋርድ ሊር ከጻፋቸው የቀልድ ግጥሞች በተወሰዱ ስሞች ስለ ሆነ፥ ግጥሙን ያላወቀ ሰውዬውን አያገኘውም። ፌንና ካዶገን ተይዘው ሲታሰሩ፥ እንደ መጨነቅ ፈንታ ሊነበቡ የማይቻሉ ታላላቅ መጻሕፍትን እየቈጠሩ ይጫወታሉ። በአንድ መንታ መንገድ ላይም፥ የመጽሐፉ አሳታሚ በፖለቲካ ወደ ግራ ያዘነብላልና ወደ ግራ እንሂድ ይባባላሉ። በመጨረሻ ልጆች የሚሽከረከሩበት የፈረስ መጫወቻ ልጓሙን በጥሶ ሲከንፍ፥ አንባቢው በአንድ ጊዜ ይስቃልም ይፈራልም። የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1951 ዓ.ም. ባወጣው ፊልም መጨረሻ ላይ የተጠቀመበት ይህንኑ ነገር ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ሬሳ ባለበት ታሪክ መሳቅ ይገባልን?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ በዚህ አልከሰውም። በእኛ አገር ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ፥ በሦስተኛው ቀን አንዱ ጨዋታ አዋቂ ተነሥቶ ሐዘንተኛውን ፈገግ ሲያሰኘው አይቷል። ሳቅ ሐዘንን መናቅ አይደለም። የእኔ ቅሬታ በሌላ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ብርጭቆው ነው።

በክሪስፒን መጻሕፍት ውስጥ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ አይጠፋም። ምርመራው መጠጥ ቤት ይጀመራል፥ መጠጥ ቤት ይቀጥላል። ጆሮው የከበደ አንድ ሽማግሌ መምህር አለ፤ ውስኪ መውደዱ ራሱ ቀልድ ነው። ማንም በመጠጥ ምክንያት ሥራውን አያጣም፤ ማንም በማግሥቱ አይታመምም፤ የማንም ሚስት በር ላይ ቆማ አትጠብቅም። እያንዳንዱን የጫማ ዱካ የሚመረምረው ፌን ይህን አንድ ነገር አይመረምርም። እኔም በአሥረኛ ክፍል ሳነበው አልመረመርሁትም፤ እየሳቅሁ አለፍሁት እንጂ።

የደራሲው ሕይወት ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። እውነተኛ ስሙ ሮበርት ብሩስ ሞንትጎመሪ ይባል ነበር። በ1921 ዓ.ም. ተወልዶ በኦክስፎርድ ቋንቋዎችን አጠና፤ በዚያም ኦርጋን እየመታ መዘምራንን ይመራ ነበር። ገጣሚው ፊሊፕ ላርኪንና ደራሲው ኪንግስሊ ኤሚስ የወጣትነት ወዳጆቹ ነበሩ፤ የአሻንጉሊቱንም ሱቅ ታሪክ ያበረከተው ለላርኪን ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1944 ዓ.ም. ሲታተም ገና 22 ወይም 23 ዓመቱ ነበር። ከዚያ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ስምንት ልብ ወለዶች አወጣ። ጥቂት ጊዜ አስተማሪ ሆኖም ሠርቷል። በትክክለኛ ስሙ ደግሞ ሙዚቃ ይደርስ ነበር፤ ከ1958 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ እንግሊዞች እጅግ ከሳቁባቸው «ኬሪ ኦን» ከሚባሉት ፊልሞች የመጀመሪያዎቹን ስድስቱን በሙዚቃ ያጀበ እርሱ ነው። አንድ ሰው በሁለት ስም፥ በሁለት ጥበብ፥ አገሩን አሳቀ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዝምታ መጣ። በ1953 ዓ.ም. አንድ የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ካሳተመ ወዲህ፥ ፌን ያለበት አዲስ ልብ ወለድ እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ አልታየም። ከስምንተኛው እስከ ዘጠነኛው 26 ዓመት ሆነ። መጠጥ ጤናውንና የሥራ ኃይሉን አደከመበት። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ላይ የሌሎችን የወንጀል ልብ ወለዶች ይመዝን ነበር፤ የራሱ ግን በእጁ ላይ ቆየ። ዘጠነኛው በታተመ በዓመቱ፥ በ1978 ዓ.ም. ገና በ56 ዓመቱ ሞተ።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ መጽሐፉን እንደ ገና አነበብሁት፤ እንደ ገናም ሳቅሁ። ብርጭቆው በቀረበ ቍጥር ግን ሳቄ እየቆመ ወዳጄን አስታወሰኝ።

ወዳጄ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ አብሮኝ ያስተማረ ሰው ነበር። ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር፤ ስለ ተማሪዎችና ስለ አስተማሪዎች የሚያወራው ወግ ግን ከትምህርቱ ይልቅ ይታወቅ ነበር። ማታ ማታ ጠጅ ቤት ተሰብስበን እንጠብቀው ነበር። ገና ሲቀመጥ አንዳችን ብርሌ እናዝለታለን፤ ወጉ ሲያልቅ ሌላው ሁለተኛውን ያዝለታል። ደግነት የሠራን መስሎን ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፥ መንቀጥቀጡን ራሱን ቀልድ አደረገው፤ እኛም ሳቅን። ወጎቹን በመጽሐፍ ሊያወጣ እንዳሰበ ብዙ ጊዜ ነግሮናል። በጕበት ሕመም ሲሞት ግን ያገኘነው አንድ ደብተር ነው፤ የተጻፈበትም አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ልቅሶው ላይ ቀልዶቹን እያነሣን ስንጨዋወት ባለቤቱ ሰሙን። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፥ «ቀልዱን ሁሉ እናንተ ጋ ጨርሶ ይመጣ ነበር፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ዝምታው ነው» አሉን። ለዚህ ቃል መልስ የሰጠ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። እኔም እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ክሪስፒንን አትንቀፈው። መጠጥ ያሸነፈው ሰው በሽተኛ መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ፤ በሽተኛም እንዲታከም ይረዳል እንጂ አይሰደብም። የደራሲው ድካም የመጽሐፉን መልካምነት አይሽረውም። እንግሊዝኛህ ሲጠና ፈልገህ አንብበው፤ የተጻፈው ለሳቅ ነውና ሳቅ። ነገር ግን መርማሪው ያልመረመረውን አንተ መርምር። አንድ ታሪክ ሲያስቅህ፥ «ይህ ነገር በሳቁ ውስጥ ባይቀመጥ ኖሮ ያስደነግጠኝ ነበርን?» ብለህ ጠይቅ። ይህን መጠየቅ ሳቁን አያጠፋብህም፤ ዓይንህን ይገልጥልሃል እንጂ።

ከጓደኞችህም መካከል ሁላችሁን የሚያስቃችሁ አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ያን ሰው ውደደው። ወግ እንዲያወራልህ ስትፈልግ ግን ሻይ ጋብዘው፤ ሲጨርስም ቤቱ ድረስ ሸኘው።