የብልሽት አማርኛ፤ በአንድ የፒካፕ ጥገና መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ የፒካፕ መኪና የጥገና መመሪያ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ከመታተሙ አስቀድሞ ስያሜዎቹ እንዲመረመሩ ረቂቁ ደርሶናል። መመሪያው ሰፊ ነው። እኛ ግን የምንመለከተው በተለምዶ ‹ክሩዝ ኮንትሮል› ስለሚባለው መሣሪያ፣ ይኸውም ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቢያነሣም መኪናው የተመረጠለትን ፍጥነት ጠብቆ እንዲጓዝ ስለሚያደርገው መሣሪያ፣ የብልሽት ፍለጋ የሚናገረውን ምዕራፍ ብቻ ነው። ሌሎቹ ምዕራፎች ነባር ስም ያላቸውን ዕቃዎች ሲያወሱ፣ በዚህኛው ግን የዕቃውም የብልሽቱም አጠራር ገና አልረጋም። የተርጓሚው ድካም የሚመሰገን ነው፤ አማርኛው ንጹሕ፣ ሰዋስውም የተጠበቀ ነው። ችግሩ ያለው ከዚህ ሌላ ስፍራ ነው።

ረቂቁ መሣሪያውን ‹የጉዞ መቆጣጠሪያ› ይለዋል። ‹ክሩዝ› በጉዞ፣ ‹ኮንትሮል› በመቆጣጠሪያ ተተክቶ የተገኘ ስም ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ግን የጉዞ መቆጣጠሪያ ሲባል የሚታየው ኬላ፣ ገመድና ፈታሽ ነው። ደግሞም የእንግሊዝኛው ስም ራሱ እንደ ሥርዓት የሚወረስ አይደለም። ዓይነ ስውሩ አሜሪካዊ መሐንዲስ ራልፍ ቲተር የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1950 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የክራይስለር ኩባንያ መሣሪያውን በ1958 እ.ኤ.አ. መኪኖቹ ላይ ሲገጥም ‹ኦቶ ፓይለት› ብሎ ነበር የሰየመው። ኋላ የገነነው ካዲላክ የተጠቀመበት ስም ነው። ጀርመኖች ‹ቴምፖማት› ይሉታል፤ የፈረንሳዮቹም ስም ቢፈታ ‹ፍጥነት አስተካካይ› እንደ ማለት ነው። ገበያ ያወጣውን ስም ቃል በቃል መመለስ ግዴታችን ስላልሆነ፣ እኛ ‹ፍጥነት ጠባቂ› እንላለን። ይህም ‹የፍጥነት መገደቢያ› ከሚባለው ጋር እንዳይምታታ ያስፈልጋል፤ መገደቢያው ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል እንጂ በራሱ አይነዳም።

ተርጓሚው ከጣሊያንኛ የመጡትን የጋራዥ ቃላት ሁሉ ነቅሎ በአዲስ ስም ተክቷል። ቃል ሲታጣ በመጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎም ከግዕዝና ከሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መፈለግ የተለመደና የሚደገፍ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ቃል ለታጣበት ስፍራ እንጂ ቃል ላለበት አይደለም። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ብሎን የመሳሰሉት ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ ሥር ሰደው በአማርኛ አፍ ተገርተዋል። ረቂቁን ሙያቸውን በፒያሳና በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ለተማሩ ሁለት አንጋፋ ሜካኒኮች አንብበንላቸው ነበር። (‹ፒያሳ› ራሱ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ ይለወጥ ያለ የሰፈር ሰው ግን አልሰማንም።) ‹የኃይል ማላቀቂያውን ማብሪያ ፈትሽ› የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲደርስ አንደኛው ወዲያው ወደ ባትሪው ገመድ አመለከቱ። ‹መብራት ኃይል› በሚባልበት ከተማ ኃይል ኤሌክትሪክ ነውና አልተሳሳቱም። ረቂቁ ግን ሊል የፈለገው የፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ያለውን ስዊች ነበር። ካምቢዮም ‹የፍጥነት መለወጫ› ስለ ተባለ፣ ስለ ፍጥነት ጠባቂ በሚናገር ምዕራፍ ውስጥ የትኛው ፍጥነት እንደ ተለወጠ መለየት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ግን በስሞች ላይ የተፈጸመ ነው፤ የስም ስሕተት ከግራ መጋባት ብዙም አያልፍም። ያሳሰቡን ግሦቹ ናቸው።

መሣሪያው ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች አሉት። ነጂው ፍሬን ሲረግጥ ፍጥነት መጠበቁን ይተዋል፤ የተመረጠውን የፍጥነት ልክ ግን አይረሳም። የመመለሻው ቁልፍ ሲጫን በዚያው ልክ እንደ ገና ይይዛል። ዋናው ማጥፊያ ሲጫን ደግሞ ልኩም በአብዛኛው ይሰረዛል። ረቂቁ የፊተኛውንም የኋለኛውንም ‹ይጠፋል› ብሎ አልፏል። ይህን ያነበበ ሜካኒክ፣ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ በመመለሻው ቁልፍ የሚይዘውን ጤነኛ መሣሪያ ‹ጠፍቶ ሳለ ራሱ ይነሣል› ብሎ እንደ ብልሹ ሊፈታው ይችላል። አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም፤ ‹ለቀቀ›፣ ‹መልሶ ያዘ›፣ ‹ጠፋ› ቢባል በቂ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው የፍሬኑ ስዊች አፈታተሽ ነው። በብዙ መኪኖች ይህ ስዊች ሁለት መገናኛ አለው። ፔዳሉ ሲረገጥ አንደኛው ተገናኝቶ የፍሬን መብራቱን ያበራል፤ ሁለተኛው፣ ቀድሞ ተገናኝቶ የነበረው፣ ተቋርጦ ፍጥነት ጠባቂውን ያስለቅቃል። ረቂቁ ስለ ሁለተኛው ሲናገር ‹ፔዳሉ ሲረገጥ ክፍት፣ ሲለቀቅ ዝግ መሆኑን አረጋግጥ› ይላል። በኤሌክትሪክ ሙያ ‹ክፍት› መስመር የተቋረጠ፣ ‹ዝግ› መስመር የተገናኘ ነው። በአማርኛ ግን የተከፈተ ቧንቧ ውኃ ያወርዳል፣ የተከፈተ መንገድ ያሳልፋል፣ የተከፈተ ራዲዮ ይናገራል፤ ሲዘጋ ሁሉም ጸጥ ይላል። እንግዲህ አንባቢው በራሱ ቋንቋ ቢረዳው፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያስተላልፈውን ስዊች ደህና፣ የሚያቋርጠውን ብልሹ ብሎ ይፈርዳል። ይህም ማለት ጤነኛውን ጥሎ፣ ፍሬን ሲረገጥ የማይለቀውን ይገጥማል ማለት ነው። ሠሪዎቹ በተጨማሪ መስመር ጥንቃቄ የሚያደርጉ መሆናቸው እውነት ነው፤ ተርጓሚ ግን በሠሪ ጥንቃቄ ላይ ተደግፎ ሊጽፍ አይገባውም። ‹ሲረገጥ ይቋረጣል፣ ሲለቀቅ ይገናኛል› ቢል ማንም አይሳሳትም። ሜካኒኮቹም ቴስተር ይዘው የሚናገሩት እንዲሁ ነው።

ይህ እንከን የአንድ ተርጓሚ ብቻ አይደለም። የስያሜ ሥራችን ከጥንት ጀምሮ በስም ዝርዝር የተያዘ ነው፤ በግራ የእንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛው። በእንዲህ ያለ ዝርዝር ‹ክፍት› ከአቻው ጎን ሲቀመጥ ምንም እንከን አይታይበትም። እንከኑ የሚታየው ፔዳል የሚረግጥ ሰው ያለበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው።

የብልሽቶቹም አገላለጽ እንዲሁ ወደ ስም ተለውጧል። ረቂቁ ‹የፍጥነት መዋዠቅ ክስተት› የሚለውን የራስ መኮንን ሜካኒኮች ‹ያዝ ለቀቅ ያደርጋል› ይሉታል። ልዩነቱ የውበት ብቻ አይደለም። ‹አልያዘም› ሲባል ፍለጋው ከፊዩዙ፣ ከመሪው ላይ ቁልፎች፣ ከመሪው ጋር ከሚዞረው ጥቅል ሽቦና ከፍሬኑ ስዊች ይጀምራል። ጥቅል ሽቦው ከተበጠሰ አብዛኛውን ጊዜ ጡሩምባውም አብሮ ዝም ይላል። ‹ይዞ ይለቃል› ከሆነ ልኩ የተዛባ የፔዳል ስዊች ወይም የሚቆራረጥ የፍጥነት ምልክት ይጠረጠራል። ‹ያዝ ለቀቅ ያደርጋል› ከተባለ፣ በሞተር ስበት በሚሠሩት በቀድሞዎቹ መኪኖች ላይ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ገመድ ይፈለጋል። ‹አለቅም አለ› ከሆነ ግን ዋናው ማጥፊያ ይጫናል፤ መኪናውም እስኪጠገን በዚህ መሣሪያ አይነዳም። አራት ግሦች ወደ አራት የተለያዩ የፍለጋ መንገዶች ይመራሉ። ረቂቁ አራቱንም ‹የአሠራር ጉድለት› ከሚል አንድ ርእስ ሥር አከማችቷቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ተዘንግቷል። መሣሪያው በብዙ መኪኖች ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ በታች አይዝም፤ ስለዚህ በፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ ሞክሮ ‹አልያዘም› ማለት አይቻልም። ዋናው መጽሐፍ ረጅም ጎዳና ላለው አገር የተጻፈ ስለ ሆነ ይህን በአንድ ሐረግ አልፎታል። በእኛ አገር መሣሪያው በእርግጥ የሚሠራበት መንገድ እንደ አዲስ አበባ–አዳማው የፍጥነት መንገድ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ዓይነት ነውና ማስታወሻ ሊጨመር ይገባል። (‹ከተከፈተው› ስንል መኪና የሚያሳልፈው ማለታችን መሆኑን ማንም አንባቢ አልተጠራጠረም።)

ስለዚህ ምዕራፉ ለተርጓሚው ተመልሶ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርበናል። ነባሮቹ የጋራዥ ቃላት ወደ ስፍራቸው ይመለሱ፤ ‹ክፍት›ና ‹ዝግ› ከኤሌክትሪክ መስመር አገላለጽ ፈጽሞ ይውጡ፤ የብልሽቶቹ ርእሶች በግሥ ይጻፉ። ከዚያም አንድ ሰው እያነበበ ሌላው ቴስተር ይዞ ከመሪው ሥር ገብቶ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ይሞከር። ይህ እስኪፈጸም ድረስ ምዕራፉ ከመመሪያው ተለይቶ ይቆይ፤ የቀረው ክፍል ግን ለማተሚያ ቤት ቢሰጥ ተቃውሞ የለንም።