ከኦክስጅኑ በፊት ሙቀት

«ያለጊዜው ተወልዶ ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ መጀመሪያ ላሙቀው ወይስ ኦክስጅን ላድርግለት?» ብላ አዲስ የተመደበች አዋላጅ ነርስ ጠየቀችኝ። ጭራሽ ያልተነፈሰው ልጅ አምቡ ባግ ነው የሚፈልገው፤ እሱ አያከራክርም። እየተነፈሰ የሚቸገረውን ግን፣ ነፋስ መውጫን በመሰለ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር፣ በሌሊት አንድ እጅ ብቻ ነፃ ከሆነ፣ መጀመሪያ አሙቂው እላለሁ።

ብዙ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም። ልጁን በጋቢ ይጠቀልሉና ኦክስጅን ሰክተው በአምቡላንስ ወደ ደብረ ታቦር ይልኩታል። የቀዘቀዘ ልጅ በጋቢ ቢጠቀለል ከየት አምጥቶ ይሞቃል? በጉና ተራራ ግርጌ አልፎ ሲደርስ እግሩ በረዶ ሆኗል። ያልበሰለ ሳንባ የአየር ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ሰርፋክታንት ያጥረዋል። ልጁ ሲበርደው ሙቀት ለማመንጨት ብዙ ኦክስጅን ይፈጃል፣ ደሙም ወደ አሲድነት ያደላል፤ ያችው ጥቂት ሰርፋክታንት ደግሞ ትቀንሳለች። በአፍንጫው የምንሰጠው ኦክስጅን ለብርዱ ነው የሚውለው።

ጆሮሽን ወደ አፉ አስጠጊና አዳምጪ። ትንፋሹን ባስወጣ ቁጥር «እህ» እያለ ያቃስታል። ቤተሰቡ «አለቀሰ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ልጁ ግን ጉሮሮውን ጠበብ አድርጎ አየር እያስቀረ ነው፤ ሳንባው ተጣብቆ እንዳይቀር። በአረፋ የሚሠራው ሲፓፕም የሚያግዘው በዚሁ ነው፤ የቱቦው ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ ገብቶ ግፊት ይፈጥራል። ደረቱ እየሰረጎደ ማቃሰቱ ድንገት ቢቆም ተሻለው ብለሽ እንዳትሄጂ፤ ደክሞት ይሆናል።

ነገሩ የእኛ አካባቢ ብቻ አይደለም። ጎንደርን ጨምሮ በአምስት ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 በመቶ የሚሆኑትን የገደለው ይኸው የትንፋሽ ችግር መሆኑን አሳይቷል። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ሕፃናቱ እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ በእናታቸው ገላ ላይ ቢደረጉ ብዙዎቹ እንደሚተርፉ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት አስነብበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይኸው ከተወለዱ ጀምሮ ይደረግ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ አለ። በእኛው አገር ተሠርቶ እያለ ይህን ያህል መዘግየታችን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከወገዳም ሆነ ከመካነ ኢየሱስ ሪፈር ስትጽፊ፣ ልጁ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መካከል ይታሰር፣ ጋቢው ከላይ ይሁን፣ ኦክስጅኑም እዚያው ይቀጥል። ሙቀቱን ለክተሽ ወረቀቱ ላይ አስፍሪ፤ ከ36.5 በታች ከሆነ አምቡላንሱ እየተዘጋጀ ገላዋ ላይ ይቆይ። አማትየዋ «ራቁቱን ብርድ ይመታዋል» ትልሻለች። አትቆጫት፤ እጇን ይዘሽ የልጁን እግር አስነኪያት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም እንደገና።

እኔን ከዚህ ሙያ ጋር ያቆራኘኝ አንድ የስማዳ ገበሬ ነው። ሚስቱ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ገና አልነቃችም። «ወንድ ያደርገዋል ወይ?» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «ያደርገዋል አባ» አልሁት። ሸሚዙን አስወልቄ ልጁን ደረቱ ላይ አስተኛሁለት፤ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ አደረ፣ ማቃሰቱም እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እናት ባልቻለች ቁጥር አባትየውን አስጠራለሁ፤ እስካሁን እንቢ ያለኝ አባት የለም።