ማነጻጸሪያ የሌለው ግዥ

ስለ መንግሥት ግዥ ሲነሣ ብዙዎቻችን ጉዳዩን ለሒሳብ ሠራተኞችና ለሕግ ባለሙያዎች ትተን እናልፋለን። ይሁን እንጂ በማናቸውም የጤና ተቋም የሚገኘው አልጋ፣ ማይክሮስኮፕ፣ የኦክስጅን ሲሊንደርና ጓንት ሁሉ በአንድ ወቅት በአንድ ኮሚቴ ፊርማ የተገዛ ነው። የግዥ ብልሹነት በኦዲት ሪፖርት ላይ ከመስፈሩ በፊት በሕሙማን ክፍል ውስጥ ይታያል። በመሆኑም በሀገራችን ጎልቶ የታወቀውን የግዥ ብክነት መመርመርና ከሙያችን ጋር ያለውን ዝምድና ማመልከት ተገቢ ይሆናል።

የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም የተሰጠው ዓላማ የሚናቅ አልነበረም። ሀገሪቱ ማሽን ከመግዛት አልፋ ማሽን መሥራት እንድትጀምር ታስቦ ነበር። ነገር ግን የስኳር ፋብሪካዎች ግንባታም ሆነ የታላቁ የኅዳሴ ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ የተሰጠው በውድድር አሸንፎ ሳይሆን በውሳኔ ነው። በስኳር ፋብሪካዎቹ ክፍያው ከሥራው ቀድሞ ሄደ። በግድቡም እስከ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. አንድም ተርባይን ሥራ አለመጀመሩን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጋዜጠኞች ገለጹ፤ ሥራውም ለሌሎች ኩባንያዎች ተላለፈ። ግድቡ የመጀመሪያውን ኃይል ያመነጨው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት መግለጫ፣ ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመታት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚያወጣ የውጭ ሀገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን፣ በአንዳንዱም ላይ ዋጋው እስከ 400 በመቶ መናሩን አስታወቁ።

ከዚህ በኋላ በሰፊው የተወራው ስለ ሰዎቹ ነበር፦ ማን ታሰረ፣ ማን አመለጠ፣ የማን ወገን ነው። እንዲህ ያለው ወሬ ጥፋቱን የጥቂት ሰዎች የጠባይ ጉድለት ስለሚያስመስለው፣ ሥርዓቱ ምን እንደጎደለው ሳይጠየቅ ቀረ። የጎደለው ማነጻጸሪያ ነው። እኛ ሐኪሞች አንድ አዲስ መድኃኒት ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን ተሞክሮ «ፍቱን ነው» ቢባል አንቀበልም። ጨረታም እንደዚሁ ነው። ሌላ ተወዳዳሪ በሌለበት ዋጋው ውድ ይሁን ርካሽ፣ ሥራው ይዘግይ ይፍጠን፣ በምን ሊታወቅ ይችላል? ሐቀኛ ሰው እንኳ በዚያ ወንበር ቢቀመጥ መመዘኛ አይኖረውም።

ችግሩ የድሆች ሀገሮች ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በባለሥልጣናትና በፓርላማ አባላት ለተጠቆሙ የመከላከያ አልባሳት አቅራቢዎች ልዩ መስመር ከፍቶ ነበር። የሀገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ባደረገው ማጣራት፣ በልዩ መስመር ካለፉት ከ10 አቅራቢዎች አንዱ ያህል ውል ሲያገኝ በተራው በር ከመጡት ግን ከ100 አንዱ እንኳ አላገኘም። ፍርድ ቤትም በ2014 ዓ.ም. ልዩ መስመሩ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ። ልዩነቱ ቁጥሩ በወራት ውስጥ ታትሞ ለሕዝብ መቅረቡ ነው። በእኛ ሀገር የሜቴክ ጉዳይ በዝርዝር ለሕዝብ የተነገረው ገንዘቡ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው።

ወደ ጤናው ዘርፍ ስንመለስ፣ ግሎባል ፈንድ በ2004 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የኦዲት ሪፖርት በገንዘቡ ከተሠሩት ጤና ጣቢያዎች መካከል ኦዲተሮቹ ካዩዋቸው ብዙዎቹ ውኃ እንዳልነበራቸው፣ ወለላቸው የተሰነጠቀና ጣሪያቸው የሚያፈስም እንደነበረባቸው ገልጿል። የጤና ጣቢያዎችን ማስፋፋት ለሀገሪቱ ትልቅ ጥቅም ማስገኘቱ አይካድም። ይሁንና ውኃ የሌለውን የማዋለጃ ክፍል «ተጠናቋል» ብሎ የፈረመ ሰው ነበረ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ግዥ አገልግሎትና የመድኃኒት አቅራቢ ተቋሙ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ተይዘው ነበር። መታሰር ፍርድ አይደለም፤ ሆኖም ዜናው በሙያው ላለን ሁሉ ሊያሳስበን ይገባ ነበር።

ብክነት የሚጀምረው ገንዘቡ ሲከፈል ሳይሆን ዝርዝር መግለጫው፣ በተለምዶ ስፔስፊኬሽን የምንለው፣ ሲጻፍ ነው። መግለጫው ከአንድ ኩባንያ ካታሎግ ከተገለበጠ ጨረታው ከመከፈቱ በፊት አሸናፊው ታውቋል። በሰኔ ወር በጀት ሊዘጋ ሲል የሚሰበሰቡት ሦስት ፕሮፎርማዎችም ከአንድ ሱቅ ከወጡ ማነጻጸሪያው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የገባ የደም ኬሚስትሪ ማሽን የሚፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይልም ሆነ የተጣራ ውኃ በግቢው አልነበረም። ሞዴል 19 ተቆርጦለት፣ ክፍያው ተጠናቅቆ፣ እንደታሸገ መጋዘን ገባ። በወረቀቱ ላይ አንዳች ጉድለት አልነበረም።

በአንጻሩ ርካሹን ብቻ መምረጥም መፍትሔ አይሆንም። ሪኤጀንቱ ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚገኝ ርካሽ ማሽን ውሎ አድሮ ከውዱ የባሰ ያስከፍላል። መለዋወጫ፣ ጥገናና ሥልጠና በዋጋው ውስጥ ካልተቆጠሩ ውድድሩ የግማሽ ውድድር ነው።

በከተማ አንድ ማሽን ቢበላሽ ሕመምተኛው ሌላ ተቋም ይፈልጋል። በምዕራብ ሸዋ ግንደበረት፣ ካቺሲ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከዓባይ ሸለቆ ቆላ ወጥታ ካቺሲ ለደረሰች፣ ደም ለሚፈስሳት ወላድ በዚያው የማይገኝ ምርመራ ማለት ሌላ የመኪና ጉዞ፣ ሌላ የቤተሰብ ወጪ፣ ምናልባትም ሕይወት ነው። አምቦ ቅርብ አይደለም። የማይሠራ ማሽን ዋጋ በጨረታ ሰነዱ ላይ ከሰፈረው ብር በላይ መሆኑ የሚገባን እዚህ ነው።

ስለሆነም ከእኛ የሚጠበቀው ሙያችን የሚፈቅደውን ማድረግ ነው። ስፔስፊኬሽን ስናዘጋጅ ቢያንስ ሦስት አምራቾች ሊያሟሉት የሚችሉት መሆኑን እናረጋግጥ። ኤሌክትሪኩ፣ ውኃውና ባለሙያው መኖራቸውን ሳናይ የግዥ ጥያቄ አንላክ። ማሽኑ ተተክሎ የሕመምተኛ ናሙና ሳይመረምር የርክክብ ሰነድ አንፈርም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓትም እስከ ወረዳ ወርዶ አሸናፊውና ዋጋው ለሁሉም እንዲታይ ማኅበራችን በይፋ ሊጠይቅ ይገባል። የ37 ቢሊዮን ብሩን ግዥ እኛ አልፈረምንም፤ የመጋዘኑን ማሽን ግን የተረከበው ባለሙያ ነው። ያልሠራውን «ይሠራል» ብሎ መፈረም፣ ያልመረመሩትን ሕመምተኛ «ጤነኛ ነው» ብሎ የምስክር ወረቀት ከመስጠት አይለይም።