የሊቅ መመዘኛ

እህል በገበያ የሚሸጥ ሰው ቁናውን ይዞ ይቀርባል። ቁናው የእህሉን ብዛት በትክክል ይናገራል፤ ነቀዝ የበላው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን ገዢው ራሱ እጁን አግብቶ መዝገን አለበት።

በዛሬ ዘመን በሕክምና ለሚመራመሩ ሊቃውንትም ቁና ተበጅቶላቸዋል። አንድ ተመራማሪ ያገኘውን ነገር ጽፎ በመጽሔት ያሳትማል፤ ከእርሱ በኋላ የሚጽፉ ሊቃውንት ደግሞ ሥራውን ሲያነሡ ይጠቅሱታል። እንግዲህ ስንት ጽሑፍ አሳተመ፥ ስንት ጊዜስ ተጠቀሰ ተብሎ ይቈጠራል። በብዙ አገር ሹመትና የምርምር ገንዘብ ሲታደል ይህ ቍጥር ይታያል። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ነው ብለህ አትተወው፤ የትኛው በሽታ መርማሪ እንደሚያገኝና የትኛው እንደሚረሳ በከፊል የሚወሰነው በዚሁ ነውና።

የመዝገቡ መሥራች ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሐሳቡን ያቀረበው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንደዚሁ ናቸው) መዝገቡ በ1964 ወጣ። ዋናው ዓላማው አንድ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ማን እንደ ተከተለው፥ ማንስ እንደ ነቀፈው አንባቢ በቀላሉ እንዲያገኝ ነበር። እያደረ ግን ጽሑፍ መፈለጊያ የነበረው መዝገብ ሰው መመዘኛ ሆነ።

በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ በካሊፎርኒያ አንድ አጭር ስሌት አወጣ። በዚህ ስሌት 20 ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው 20 ያገኛል። ፍርዱን እንመልከት። አንዱ 30 ጽሑፍ አሳትሞ እያንዳንዱ 30 ጊዜ ቢጠቀስ 30 ይሰጠዋል። ሌላው በዕድሜው ሁለት ብቻ ጽፎ እያንዳንዱ 5,000 ጊዜ ቢጠቀስ የሚሰጠው 2 ነው። ሂርሽ ራሱ አንድ ቍጥር የሰውን ሥራ በግምት ብቻ እንደሚያሳይ ጽፏል፤ ስሌቱን የተቀበሉ ብዙዎች ግን ይህን ቃሉን አልተቀበሉም።

ቍጥር ክፉውንና ደጉን አይለይም። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በላንሴት መጽሔት ስለ 12 ሕፃናት ጽፎ፥ የኩፍኝ፥ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት ያለው አስመሰለ። በምርመራ ሐሰቱ ስለ ተገለጠ መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘ፤ ጸሐፊውም በዚያው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። ይህ ጽሑፍ ከ1,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ከጠቀሱት የሚበዙት ሊነቅፉት ነው የጠቀሱት፤ ቈጣሪው ግን ነቀፌታውንም ምስጋናውንም በአንድነት ይደምራል። ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ በመቅረታቸው የደረሰው ጉዳት ግን በዚህ መዝገብ አይጻፍም።

ደጉም ሥራ እንደዚሁ ከቍጥር ይሸሸጋል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት እንደነዚህ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ድኻ ሕዝብ በአገሩ በሚበቅል ተክል በሽታውን እንዲከላከል ብዙ ደክመው፥ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን በድኻ አገር በሽታ የሚመራመሩ ጥቂቶች ስለሆኑ የሚጠቃቀሱትም ጥቂቶች ናቸው። በሀብታም አገር በሽታ ለሚሠራ ሰው ጠቃሹ ብዙ ነው። ስለዚህ ቍጥሩን ብቻ የሚያይ ዳኛ ወጣቱን ተመራማሪ «ወንዙን ትተህ ሌሎች ወደ ተሰበሰቡበት ሂድ» ያለው ያህል ነው።

ሰውም የሚመዘንበትን ካወቀ ለሚዛኑ መሥራት ይጀምራል። አንዱን ግኝት ከሦስት ከፍሎ የሚያሳትም፥ የራሱን ሥራ ያለ ጉዳይ የሚጠቅስ፥ ከወዳጁ ጋር «ጥቀሰኝ፥ እጠቅስሃለሁ» ብሎ የሚዋዋል ይነሣል።

ቢሆንም ቍጥሩን ፈጽሞ መጣል ደግ አይደለም። ሹመት በዝምድና በሚታደልበት ቦታ አማላጅ የሌለው ሠራተኛ «ሥራዬ ይኸው» ብሎ የሚያቀርበው ምስክር ይሆነዋል። ምስክር ግን ተጠይቆ ይመረመራል፤ ፍርዱ የዳኛው ነው። በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ሰው በታተመበት መጽሔት ቍጥር መመዘኑ ይቅር፥ የሥራው ፍሬ ነገር ይታይ ብለው ያወጡት መግለጫ ወደዚህ ያቀናል።

አርባ ደብተር የተቈለለበት መምህር ገጽ እየቈጠረ ማርክ ቢሰጥ ሥራው በቶሎ ያልቅለታል፤ ተማሪዎቹም ከዚያ ቀን ጀምረው ፊደላቸውን እያሰፉ ገጽ መሙላት ይማራሉ። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ነው ለማለት ያስቸግራል። በሊቃውንትም ላይ የሚፈርድ ሰው ቢያንስ ሦስቱን ሥራዎች አንብቦ ይጠይቅ፦ የተጻፈው እውነት ነውን? ለየትኛው በሽተኛ ይጠቅማል? ደክሞበት ስሙ ያልተጻፈ ማን አለ? ማንበብ ጊዜ ይወስዳል፤ በሰው እንጀራና በሕሙማን ሕይወት ላይ የሚፈርድ ግን ይህን ጊዜ የመስጠት ዕዳ አለበት።