ስለ ጌዴኦ የተጻፈ አንድ መጽሐፍና የባለአገርነት ጥያቄ

ቻርልስ ማክሌላን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ለሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ለኢትዮጵያ መስፋፋት የተሰጠውን ምላሽ በደራሳ የሚመረምር መሆኑን በርእሱ ይናገር ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም «ደራሳ» ቀርቶ «ጌዴኦ» ተባለ፤ «መስፋፋት» የሚለውም ቃል ወጥቶ «የመንግሥት ለውጥና ብሔራዊ ውሕደት» ገባበት። የመጀመሪያው ለውጥ ያስመሰግናል፤ ደራሳ ሌሎች ያወጡት ስም ነውና። ሁለተኛው ግን ያጠያይቃል።

የመጽሐፉ ብርታት ከ1895 እስከ 1935 ከሰሜን የመጣው ሰፋሪና የጌዴኦ ገበሬ በገባርነትና በቡና ምክንያት እንዴት እንደ ተሳሰሩ በዝርዝር መግለጹ ነው። ይሁን እንጂ «ውሕደት» ሲባል ማን ከማን ጋር ተዋሐደ? ማይክል ዋልዘር በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰዎች እርስ በርሳቸው ከሚከፋፈሉት በጎ ነገር ሁሉ ቀዳሚው አባልነት ነው ይላሉ፤ ሰጪው ነባሩ፣ ተቀባዩ መጪው ነው። በጌዴኦ የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። መጪው ባለመሬት፣ ነባሩ ገባር ሆነ። (በጥንት የጎጃም ሰነዶች «ዜጋ» የተባለው በጌታ መሬት ላይ የሚያድር ጥገኛ እንደ ነበር በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል።) ያንን ሥርዓት የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሻረው።

ጥያቄው ግን አልተሻረም። መሬት የጠበባቸው ጌዴኦዎች ወደ ጉጂ ምድር ዘልቀው ቡና ተክለው፣ ወልደው ከብደው ኖሩ። በ2010 ዓ.ም. ግጭት በተነሣ ጊዜ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች የተፈናቀለው ሕዝብ በተባበሩት መንግሥታት ግምት ወደ 1 ሚሊዮን ተጠጋ፤ የሚበዛውም ጌዴኦ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ለእነዚህ ሰዎች በመረጡት ስፍራ የመኖር ነጻነት ሰጥቷቸዋል፤ በአንቀጽ 8 ደግሞ ሉዓላዊ ሥልጣንን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች አድርጓል። ከክልሉ ውጭ የሚኖረው ገበሬ የወደቀው በሁለቱ አንቀጾች መካከል ነው። ጆሴፍ ካረንስ በ2013 ባሳተሙት መጽሐፍ ረዥም ዘመን የኖረ ስደተኛ በኑሮው ብቻ የአባልነት መብት ያገኛል ሲሉ ይከራከራሉ። ክርክራቸው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሚያስቡት ድንበር አቋርጦ ስለ መጣ ሰው ነው። በመዝገብ ዜጋ ሆኖ በመንደሩ እንግዳ ለሚባለው ምን ይመልሱ ይሆን?

የማክሌላን ርእስ ጌዴኦን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ያጣምራል፤ ጎረቤቱ ጉጂ በርእሱ ስፍራ የለውም። ሁለቱ ሕዝቦች ግን ደም የሚያደርቁበት ጎንዶሮ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። በጎንዶሮ የታረቀ ሰው ወደ ቡና ማሳው የሚመለሰው እንደ ባለአገር ነው ወይስ እንደ እንግዳ? በዲላ ያሉ ተማሪዎቻችን ይህን ከሽማግሌዎቹ አፍ፣ በራሳቸው ቋንቋና ቃል ቢጽፉት ከዋልዘርም ከካረንስም ጋር የምንነጋገርበት ነገር እናገኛለን።